በጭሱ ውስጥ ያልኩት

የወንድሜን ልጅ ለዩኒፎርም እየለካኋት ነበር። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘርግቼ፣ ቀጥ በይ እንጂ፣ እንደ አሮጊት ምን ያጎብጥሻል እያልኩ እቀልድባታለሁ፤ እሷ ትንፈራፈራለች በሳቅ። ከፍላቂት የመጣሁት መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን ነው። ስንት ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ከርሞ፣ እናቴን ሳላያት ልሞት ነው ብዬ ነበር። እናቴና ወንድሜ የሚኖሩት ከአሸተን ማርያም ግርጌ፣ ሁላችንም በተወለድንባት መንደር ነው። እኔ ፍላቂት ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትዳሬም መኪናዬም እዚያ ነው። መኪና ስል የስፌት መኪና ነው፣ ደግሞ ሀብታም እንዳልመስላችሁ።

ልጅቱ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ላሊበላ ከተማ ዘጠነኛ ልትገባ ነው። በመንደሩ ከስምንት በላይ የለም። ለመሆኑ ከተማ የት ልታርፊ ነው አልኳት፣ እግረ መንገዴን።

«እትዬ ጋ» አለችኝ።

ደስ ብሏታል። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቴሌቪዥን አለ፣ የራሷ አልጋ ይሰጣታል። እትዬ ስላረጁ እሷም ታግዛቸዋለች። እሁድ ራሳቸው መጥተው ይወስዷታል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ የወገቧ ልክ ከአእምሮዬ ጠፋ። እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ጠፋብኝ። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ ስበላ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ላሊበላ ከተማ ውስጥ የተከበረች፣ ለገና ተሳላሚ ዳቦ የምታድል፣ ቄሶቹ ቤቷን ሳይባርኩ የማያልፉ ሴትዮ። ልጅ አልወለደችም። እኔንም በልጅነቴ የሰጡኝ ለእሷ ነው፣ ያው እንደዚችኛዋ እንድማር። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ፣ ቅር የሚለው ይለፈው።

ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ አሳጥሬ ልናገረው። ድስት በደንብ ካላጠብኩ፣ ከትምህርት ቤት ከዘገየሁ፣ ወይም እንዲሁ ፊቴ ደስ ካላላት፣ በርበሬ ፍም ላይ ትበትንና ጋቢ ታለብሰኛለች። የጋቢውን ጠርዝ በእግሯ ትረግጠዋለች። በጭሱ ውስጥ አየር የለም፤ ዓይን የለም፤ እኔም የለሁም። ጎረቤት ሳሌን ይሰማል፤ «ልጅቷ ጉንፋን አይለቃትም» ይላሉ። ስትጨርስ ደግሞ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበኛለች፣ ቀስ አድርጋ፣ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቀች። ቂጣ በቅቤ ቀብታ ታበላኛለች። ይሄ እስከዛሬ አልገባኝም። ክፉ ብቻ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት በተገላገልኩ። ምን ታስብ ነበር፣ ያን ውሃ ስታፈስልኝ?

አንድ ቀን መናገር አቆምኩ። አኩርፌ አይደለም፤ ቃሉ አልመጣ አለኝ። አስተማሪው ቢጠይቀኝ፣ ልጆች ቢቆነጥጡኝ፣ ዝም። እትዬ ራሷ ደንግጣ ወደ መንደር አመጣችኝ፤ ልጃችሁ ዲዳ ሆነችብኝ ብላ ለእናቴ አስረክባኝ ሄደች።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አይባክንም። ልጅ ድንገት ዝም ካለ ተበልቷል፤ ቡዳ ይዞታል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከማዶ መንደር የመድኃኒት ሥር የሚያውቅ ሰውዬ አስመጣ። በሩ ተዘጋ። ፍም መጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ስሙን የማላውቀው ሥር ተበተነበት፣ ጋቢ አለበሱኝ። ወንድሜ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ እግሬን እሱ ያዘ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።

የጭስ ነገር እንግዲህ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ እናቴ ቤት መሆኔን በምን ልወቅ? እትዬ ቤት የተመለስኩ መሰለኝ። ያን ሁሉ ቀን የጠፋው አንደበቴ ተከፈተ።

«እትዬ ይማሩኝ! ድስቱን አጥቤዋለሁ! አያጥኑኝ እትዬ፣ አጥቤዋለሁ!»

ሰውዬው እጁን አጨበጨበ አሉ። ለፈለፈ፣ ስሟን ጠራ፣ የበላቻት ታወቀች። ቡዳ የያዘው ሰው ሲታጠን የበላውን በስሙ ይጠራል፤ ይህን የማያውቅ የለም። እንግዲህ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ጮኼ ተናገርኩ፣ እነሱ ደግሞ ያ ድምፅ የእኔ አይደለም አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

መድኃኒቱ እንዲሠራ የበላተኛዋ ልብስ ክር ያስፈልጋል። እትዬ ለጥየቃ ስትመጣ ከቀሚሷ ጫፍ ሳታውቅ ተቆረጠባት፤ በዚያም ታጠንኩ። ከዚያ ደግሞ፣ የበላ ሰው ምራቅ ይፈውሳል ይባላልና፣ እስቲ ልጅቱን መርቂያት ተባለች። ምኑንም ሳታውቅ አናቴ ላይ እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀችኝ። እኔ ጭሱ እንዳይደገም ስል መናገር ጀመርኩ፤ ውሃ ስጡኝ፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ተፈወሰች ተባለ። ከጥምቀት በኋላ ወደ እትዬ ቤት መለሱኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው። ቁመቴ ከቁመቷ እስኪበልጥ እዚያው ነበርኩ፤ አንድ ቀን የእጇን አንጓ ያዝኩት፣ እሷም እጇን አየችው፣ በቃ፣ ያ ነገር በዚያው ቀረ። ዘጠነኛን ሳልጨርስ ፍላቂት ሄጄ ስፌት ተማርኩ።

እኔ በተፈጥሮዬ ጠያቂ ነኝ። ደንበኞቼ ይሄ ልብስ ሰፊ ነው ወይስ መርማሪ ይላሉ፤ የሙሽራ ቀሚስ ስለካ ሙሽራው እንዴት እንዳገኛት ሳላወጣጣ አለቃትም። ይህን አንድ ነገር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚያንገበግበኝ እትዬ ለምን እንዲያ አደረገች የሚለው እንኳ አልነበረም። እነዚያ በሩን የዘጉት ሰዎች ምን ሰሙ? ጆሮ አላቸው፣ ጤነኞች ናቸው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። ድስት የሚያጥብ ቡዳ የት አገር ነው ያለው?

እንግዲህ አሁን ልጅቱ ልትሄድ ነው። ሜትሬን ጠቅልዬ ወንድሜን ፍለጋ ወጣሁ።

አጥር እየጠገነ አገኘሁት። እሾህ እያቀበልኩት ጀመርኩ፤ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ያን ቀን ትዝ ይልሃል አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ እግርሽ እንደ በቅሎ ይራገጥ ነበር አለኝ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እንዴት ይረሳኛል፣ ስሟን በአፍሽ ጠርተሽ የለ ወይ። ለማንም እንዳንተነፍስ አባባ አስምሎናል አለ፤ የእናታችን እህት ቡዳ ናት ከተባለ እኛንስ ማን ያገባን ነበር? ያም ሆኖ ወሬው ሾልኮ ሳይወጣ አልቀረም፤ እትዬ ስትመጣ የመንደሩ ሴቶች ሕፃን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ እሷ ፊት ማንም አይጎርስም።

ቆይ፣ አልኩት፤ ቡዳ ናት ብለህ ታምናለህ፣ ልጅህን ደግሞ ልትሰጣት ነው?

ኮራ ብሎ ከኪሱ ክታብ አወጣ። በቆዳ የተሰፋ፣ አንገት ላይ የሚታሰር። ደብተራ ተለማምጦ ያስጻፈው ነው። አውቄ እንጂ ሳላውቅ አልሰዳትም፣ ይሄን አስሬላት ነው የምትሄደው አለኝ። ስፌቱን አገላብጬ አየሁት፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፤ ጥሩ ስፌት ነው። ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ወንድሜ ልጁን ይወዳታል። ከዓይን የሚጠብቃትን አሠርቶላታል፤ ከእጅ የሚጠብቃት ግን በሐሳቡም የለም።

ነገርኩት። ስለ በርበሬው፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ድስቱ ነገርኩት። እሾሁን አጥሩ ላይ ሰክቶ፣ ልጅን መቅጣትማ ያለ ነው፣ እኔን አባባ በአለንጋ ሲያነሳኝ አላየሽም አለ። ደግሞ አርጅታለች፣ ምን አቅም አላት አለኝ። ባለፈው ዓመት አብራት የነበረች የሩቅ ዘመድ ልጅ ክረምቱ ሳይወጣ ጥላት ሄዳለች፤ ለምን ሄደች ብሎ የጠየቀ አለ? አልኩት። የጠየቀ የለም። እንግዲያው እኔ ፍላቂት ወስጄ ላስተምራት ስለው ራሱን አከከ። እትዬ ቅርብ እያለች ሩቅ ስሰዳት ምን ብዬ እመልስላታለሁ? እኔ እኮ ያን ቀን የሰማሁት ሌላ ነው። እማ አንቺ እንዳልሽው ነው ካለች ግን አልሰዳትም፤ የእማን ቃል አላልፍም።

በቃ፣ ነገሩ እናቴ አፍ ላይ ወደቀ።

እናቴን ምስር ስትለቅም አገኘኋት። እኔም ከሰፌዱ አጠገብ ተቀምጬ እለቅም ጀመር። ያን ቀን ስታጥኑኝ ምን ስል ሰማሽ አልኳት። እጇ አልቆመም። ብዙ ልጆች ለፍልፈዋል አለች፣ ስለ ሌላ ልጅ እንደሚያወራ ሰው። ስለ ድስቱስ? ጠጠር ለቅማ ጣለች። እማ፣ ልጅቱ እሁድ ልትሄድ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም አለችኝ። ደገምኩባት።

«ሆድ ይፍጀው ልጄ» አለች።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። የእኔ ሆድ የሚችለውን ፈጅቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚፈጀው የዚችን ልጅ ነው አልኳትና ሰፌዱን ትቼላት ተነሳሁ። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ፣ በንዴት። እናቴ ደንቆሮ አይደለችም። ወይ አልሰማችም፣ ወይ ሰምታለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለኝ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ማወቅ ግን ፈለግሁ፣ እንደ ውሃ ጥም።

እሁድ እትዬ መጣች። ባጃጁ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በምርኩዝ። ለልጅቱ አዲስ ልብስ ይዛላት ነበር። አርጅታለች፤ ጉንጬን ስማ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ» ስትለኝ ምርኩዟን ተቀበልኳት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደጅ ላይ የነበሩት ሴቶች ሕፃናቱን ሸፈኑ። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ስታየው ምን ይመስላት ይሆን፣ ክብር? ብርድ? ጎረቤቶቹ ሰላም ብለዋት አንድ በአንድ ወጡ፤ ቤተሰቡ ብቻ ቀረን።

ምሳ ቀረበ። ወንድሜ ልጁን ጠርቶ ክታቡን አንገቷ ላይ ሊያስር ሲል ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር፤ ሌት ከቀን ስሰፋው የከረምኩት። አንዱም አልመጣልኝም።

«ተወው፣ ክታብ አያስፈልጋትም» አልኩት ወንድሜን። «እትዬ ቡዳ አይደሉም። እኔን የበላኝ የለም። በርበሬ እያጨሱ በጋቢ ውስጥ ያጥኑኝ ነበር፤ ያን ቀን እዚህ ስታጥኑኝ የጮህኩት እሱን ነው። ልጅቱ እዚያ ቤት እንዳትገባ።»

እትዬ መጀመሪያ የሰማችው አንዱን ቃል ብቻ ነው። ቡዳ? እኔ? ብላ ወደ እናቴ ዞረች። ዓይኗ ሲሞላ አየሁ። የተሸፈኑት ሕፃናት፣ የማይጎረሰው ጉርሻ፣ ሁሉም በዚያች ደቂቃ ትርጉሙ የገባት ይመስለኛል። እኔ የሐሰቱን ስም አነሳሁላት፤ በምትኩ የእውነተኛውን ሰጠኋት። የትኛው እንደሚከብድ እሷ ታውቃለች።

በርበሬውን አልካደችም። ካደች ብል ውሸት ነው። ስድ እንዳትሆን ብዬ ነው፣ ልጅ ሳይቀጣ ሰው አይሆንም፣ ይኸው ሰው ሆና ባለሙያ ወጥታለች አለች። ከዚያ ቀና አለችና ቤቱን ሁሉ በዓይኗ ዞረችው።

«እናንተስ እዚሁ አጥናችኋት የለም? የእኔ ብቻ ምን ተገኘበት?»

እውነቷን ነው እኮ። ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እግሬን የያዘው እሱ ነው። አሁን አለቀ፣ ልጅቱ ትሄዳለች አልኩ በልቤ። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ አወረደችው።

«ሰምቻታለሁ» አለች። «ያን ቀን የሰማሁት ቡዳ አልነበረም። ልጄን ነበር።»

ከዚያ ለወንድሜ ልጅቱ እንደማትሄድ ነገረችው፤ ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። ወንድሜ ክታቡን ወደ ኪሱ መለሰ። እትዬ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፣ ምግቡን ሳትነካ። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ወንድሜ እንደ ወጉ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኛት። ያመጣችው ልብስ መደብ ላይ ቀረ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልጅቱ ተርፋለች። እኔ ግን የነደደኝ መንደድ! አልሰማችም ብዬ በኖርኩ ይሻል ነበር። ሰምታ፣ ልጄ ናት ብላ፣ ከጥምቀት በኋላ በእጇ ጸጉሬን አበጥራ መለሰችኝ። በማግሥቱ ስንሰናበታት ጉንጯን ስሜ ቶሎ ወጣሁ፤ አፌን ብከፍተው የሚወጣውን ስለማላውቀው።

ልጅቱን ይዤ የፍላቂት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስከ ጋሸና በመስኮት የገብሱን ማሳ እያየች ከቆየች በኋላ ዞር ብላ፣ አክስቴ፣ እማማ ካወቁ ለምን መለሱሽ አለችኝ። እንጃ አልኳት። አልጠየቅሻቸውም? አልጠየቅኳትም። እንዴት? አለችኝ፣ ከልቧ ገርሟት። ልጅቱ ወደ እኔ ሳትወጣ አትቀርም።

ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ አንድ መስመር ነበር። ተይ ልላት አፌን ስከፍት እናቴ አነሳች። ልጅቱ ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጋ፣ ደህና እየሄድን ነው እማማ ካለች በኋላ፣ ሳታለሳልስ፣ አውቀው ከነበረ አክስቴን ለምን መለሷት ብላ ጠየቀቻት። አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እኔን ያሳደገችኝ እትዬ ናት» አለች እናቴ። «እኔንም ታጥነኝ ነበር። እኔ ተርፌያለሁ፣ አክስትሽም ትተርፋለች አልኩ።»

ስልኩን ከልጅቱ እጅ ወሰድኩት። የምጮህባት መስሎኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ጥያቄ ነው።

«አንቺንስ እማ፣ ማን ሰማሽ?»

«ማን ይሰማኛል» አለች። «እናቴ ሞታ ነበር።»

«እኔ እኮ እናት ነበረችኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ስልኩን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።